ስሙ ይቅር፣ ጽሑፉ ይምጣ

(በአንድ የፊልም ወዳጆች ምሽት ላይ ስለ ደራሲ ዳልተን ትራምቦ ያደረግኩት ንግግር ነው። ትንሽ ትንሽ ከማሳጠር በቀር እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት።)

እንደምን አመሻችሁ!

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ፊት ወንበር አለ። ማንም አይነክሳችሁም።

በዚህ ዝናብና በዚህ የታክሲ ሰልፍ ስለ ፊልም ጸሐፊ ለመስማት መምጣታችሁ ገርሞኛል። ስለ ተዋናይ ቢሆን ይገባኝ ነበር። አዘጋጆቹን እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። እናንተንም አመሰግናለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። “ስፓርታከስ”ን ያየ እጁን ያውጣ። ብዙ ናችሁ። “ሮማን ሆሊዴይ”ንስ? ኦድሪ ሄፕበርን በቬስፓ ሮምን የምትዞርበትን? ጥሩ። አሁን እጃችሁን ሳታወርዱ፣ የሁለቱንም ጸሐፊ የሚያውቅ? ... ሁለት ሰው። እናንተ ደግሞ ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ ልጆች ናችሁ፣ አትቆጠሩም። (ሳቅ)

ሰውየው ዳልተን ትራምቦ ይባላል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳታምታቱ። ሦስት ነገር አወራለሁ። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ። ቀጥሎ ምን እንዳደረጉት። ከዚያ እንዴት እንደተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ስለ እሱ የሚወራው ተረት የሚያናድደኝ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ከየት መጣ?

ትራምቦ የተወለደው በ1905 ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሞንትሮዝ የምትባል ከተማ ነው። ያደገው ግራንድ ጀንክሽን ነው። አባቱ ጫማ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1926፣ አባትየው ሞተ። እናትና እህቶች በልጁ ትከሻ ላይ ወደቁ።

ልጁ ዳቦ ቤት ገባ። የሌሊት ፈረቃ። ሥራው ዳቦ መጠቅለል ነው። ለጊዜው ነው ብሎ ገብቶ ስምንት ዓመት ገደማ እዚያው ቀረ። ሌሊት ዳቦ ይጠቀልላል፣ ቀን ይጽፋል። በእነዚያ ዓመታት 88 አጫጭር ታሪኮችና 6 ልቦለዶች ጽፏል ይባላል። ስንቱን አሳተሙለት መሰላችሁ? ምንም! ሁሉም ተመለሰበት።

እናንተ ወጣቶች፣ አንድ ስክሪፕት ተመለሰብኝ ብላችሁ ስልክ የምትዘጉብኝ፣ እየሰማችሁ ነው? ስድስት ልቦለድ ነው ያልኩት!

በ1930ዎቹ አጋማሽ ስቱዲዮ ገባ። እንደ ጸሐፊ እንዳይመስላችሁ። አንባቢ ሆኖ ነው የገባው። ስቱዲዮው ለፊልም የሚያስባቸውን መጻሕፍት ያነባል፣ አሳጥሮ ያቀርባል። ከዚያ ርካሽና ቶሎ የሚሠሩ ፊልሞችን መጻፍ ጀመረ። በ1939 “ጆኒ ጎት ሂዝ ገን” የተባለውን ልቦለዱን አሳተመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጁን፣ እግሩን፣ ፊቱን ያጣ ወታደር ታሪክ ነው። በ1940 በ“ኪቲ ፎይል” ለኦስካር ታጨ። በጦርነቱ ዓመታት ከሆሊውድ ውድ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። ኤም ጂ ኤም የተባለው ስቱዲዮ ለአንድ ስክሪፕት 75,000 ዶላር ይከፍለው ነበር። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አጻጻፉን ልንገራችሁ። ሌሊት ነው የሚጽፈው፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውኃ ሞልቶ። ገንዳው ላይ ሳንቃ ያጋድማል። ሲጋራ፣ ቡና፣ ወረቀት፣ መቀስ። የጻፈውን ይቆርጣል፣ ሌላ ቦታ ይለጥፋል። ዛሬ በኮምፒውተር ኮፒ ፔስት የምትሉትን እሱ በእውነተኛ መቀስ ነበር የሚሠራው። ኋላ ላይ ደግሞ ተዋናዩ ኪርክ ዳግላስ በቀቀን ሰጠውና ወፉ ትከሻው ላይ ይቀመጥ ጀመር። ፎቶው አለ፣ ፈልጉት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ምን አደረጉት?

ትራምቦ በ1943 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ስለ እሱ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ለስለስ አድርገው ያልፉታል፣ ልክ በስህተት የከሰሱት ይመስል። አባል ነበር። ስታሊን ምን እያደረገ እንደሆነ መስማት ለሚፈልግ ሰው በሚሰማበት ዘመን ነበር የገባው።

ሌላም አለ። ያ ፀረ ጦርነት ልቦለዱ በጦርነቱ ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ከሂትለር ጋር ቶሎ ሰላም ይውረድ የሚሉ ቀኝ አክራሪዎች መጽሐፉን ወደዱትና ደብዳቤ ይጽፉለት ጀመር። ምን አደረገ? ኤፍ ቢ አይን ጠርቶ ደብዳቤዎቹን አስረከበ! ሰዎቹ ቤቱ መጡ። እሱ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ የመርማሪዎቹ ዓይን ያረፈው ደብዳቤዎቹ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነበር። እኔ ይህን የምነግራችሁ ላሳጣው አይደለም። ጻድቅ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት ነው።

በጥቅምት 1947 የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ዋሽንግተን ጠራው። ጥያቄው የታወቀ ነው። “አሁን የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነህ? ወይስ ከዚህ በፊት ነበርክ?” የጸሐፊዎች ማኅበር አባል ነህ ወይ ተብሎም ተጠይቋል። ትራምቦ ስክሪፕቶቹን ተሸክሞ ነበር የሄደው። አንብቡና ምኑ ላይ አገር እንደከዳሁ አሳዩኝ አለ። ሊቀ መንበሩ ገጹ በዛ ብሎ አልቀበልም አለው። ‘አዎ’ ወይም ‘አይደለም’ ብለህ መልስ ሲሉት፣ ብዙ ጥያቄ እንዲያ የሚመልሰው ጅል ወይም ባሪያ ብቻ ነው አላቸው። አስወጡት። እየጮኸ ወጣ።

እንደሱ አልመልስም ያሉት አሥር ናቸው። “የሆሊውድ አሥሩ” ይባላሉ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ነበሩ። ለምን ጸሐፊ በዛ? ጸሐፊ ማኅበር ያቋቁማል፣ ጸሐፊ ይከራከራል፣ ጸሐፊ ግን ፊቱ አይታወቅም። ኮከብ ብታባርር ሕዝብ ይጠይቃል። ጸሐፊ ብታባርር ማን ያውቃል?

ከወር በኋላ የስቱዲዮ ባለቤቶች ኒው ዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተሰበሰቡ። አሥሩን አንቀጥርም ብለው መግለጫ አወጡ። ጥቁር መዝገብ የምንለው እዚያ ጀመረ። ልብ በሉ፣ መንግሥት አይደለም ያባረራቸው። ቀጣሪዎቹ ናቸው።

ዋናው ነገር ግን ማጋለጥ ነው። ኮሚቴው አንተ ምን እንደሆንክ ያውቃል፣ ሰላይ ነበረው። የሚፈልገው የሌላ ሰው ስም ከአፍህ እንዲወጣ ነው። አጋልጥ!

አዛውንቶቹ ፈገግ እያላችሁ ነው። ገባችሁ።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። አጎቴን በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ሰብስበው አጋልጥ አሉት። አብሮት ያደገ ጎረቤቱ ተነሥቶ “እኔ ላጋልጥ” አለና የአጎቴን ስም ጠራ። አጎቴ ታሰረ፣ እግዜር ይመስገን ተረፈ። ልጅ ሆኜ ይህን ሲያወራ ስሰማ የሚገርመኝ ነገር አንድ ነው። እዚያ አሜሪካ ሰው የሚጋለጠው ኮሚኒስት ነህ ተብሎ። እዚህ ደግሞ የአብዮት ጠላት ነህ ተብሎ። አዳራሹ ግን አንድ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው አንድ ዓይነት ነው። ቅጣቱን አላወዳድርም፣ እዚያ ሥራ ነው ያጡት፣ እዚህ ልጆች ናቸው ያለቁት። ወደ ትራምቦ ልመለስ፣ አጎቴን በኋላ እፈልገዋለሁ።

አሥሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያድነናል ብለው ነበር። በ1949 ክረምት ከለዘብተኞቹ ዳኞች ሁለቱ ተከታትለው ሞቱ። ፍርድ ቤቱ ጉዳያቸውን አላይም አለ። ትራምቦ በ1950 አሽላንድ፣ ኬንታኪ ወኅኒ ወረደ። አንድ ዓመት ተፈርዶበት አሥር ወር ገደማ ታሰረ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፓርኔል ቶማስስ? እሱም ታሰረ! ደመወዝ ለማይሠሩ ሰዎች እንደከፈለ አስመስሎ ብሩን ሲወስድ ተይዞ። እሱ የታሰረበት ዳንበሪ ወኅኒ ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ ሁለቱ ነበሩ። ይህን ስክሪፕት ላይ ብጽፍ ዳይሬክተሩ “አጋነንከው፣ አውጣው” ይለኛል።

አሁን ሦስተኛው። እንዴት ተመለሰ?

የሚወራው ተረት እንዲህ ነው። ኪርክ ዳግላስ የሚባል ጀግና ነበር፣ አንድ ቀን ተነሥቶ የትራምቦን ስም “ስፓርታከስ” ላይ ጻፈ፣ ጥቁር መዝገቡ ፈረሰ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ዳግላስ ራሱም እንዲህ መተረክ ይወድ ነበር።

ግን ከ1947 እስከ 1960 አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ሰውየው በእነዚህ ዓመታት ምን በላ? ልጆቹን ምን አበላ?

ጻፈ። በጥቁር ገበያ ጻፈ። ያ 75,000 ዶላር የሚከፈለው ጸሐፊ “ገን ክሬዚ” ለተባለው ፊልም 3,750 ዶላር ተከፈለው። አስሉት። አንድ ሃያኛ! ሰውየው ያው ነው፣ መቀሱ ያው ነው፣ ገንዳው ያው ነው። የወረደው ዋጋው ብቻ ነው። ጥቁር መዝገብ ስለ ሀገር ደኅንነት ነው ሲሉ አትስሟቸው። ለአንዳንድ ፕሮዲውሰር ትልቅ ቅናሽ ነበር። አንደኛ ደረጃ ጸሐፊ በሦስተኛ ደረጃ ዋጋ፣ ያውም ቅሬታ የማያሰማ። የት ሄዶ ይከሳል?

አሠራሩ እንዴት ነበር? ስሙ ንጹሕ የሆነ ሰው ይፈለጋል። ስክሪፕቱ ላይ የእሱ ስም ይጻፋል። ስቱዲዮ ስብሰባ እሱ ይገባል፣ አስተያየት ይቀበላል፣ ማታ ለእውነተኛው ጸሐፊ ያደርሳል። ቼኩ በእሱ ስም ይወጣል። አንዳንዱ ድርሻውን ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ሙሉውን ይሰጣል።

“ሮማን ሆሊዴይ” እንዲህ ነው የተሸጠው። ትራምቦ ወኅኒ ከመውረዱ በፊት የጻፈውን ታሪክ ጓደኛው ኢያን ማክሌለን ሀንተር በራሱ ስም ሸጠለት፣ ገንዘቡንም ሰጠው። ፊልሙ በ1953 ወጣ፣ ታሪኩ ኦስካር አገኘ። ኦስካሩ ለሀንተር። በነገራችን ላይ ሀንተርም ኋላ ጥቁር መዝገብ ገባ። ፊልሙ የዓለም ኮከብ ያደረጋት ኦድሪ ሄፕበርን፣ በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኛ ነው። መቐለ ሄዳ ወላጅ ያጡ ልጆችን ጎብኝታለች። ያኔ ስሟን የሰማ ሁሉ ልዕልቷን ያውቃታል። ልዕልቷን የፈጠራትን ማን ያውቀዋል?

እኔም ትንሽ ቀምሼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ፕሮዲውሰር ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ስሙን ተዉት። ፊልሙ ሲወጣ ፖስተሩ ላይ “ድርሰት” የሚለው ቦታ የእሱ ስም አለ። ስጠይቀው ምን አለኝ? “አንተ ገና ነህ፣ ስምህ ትኬት አይሸጥም።” እናቴን ይዣት ሲኒማ ገባሁ። ቀልዱ ላይ ሰው ሲስቅ እናቴ ክርኗን ወደ ጎኔ እየላከች “ያንተ ናት አይደል?” ትለኛለች። አዎ እማዬ፣ የኔ ናት። ምን ማስረጃ አለኝ? እናቴ ብቻ ናት ምስክሬ፣ እሷ ደግሞ ፍርድ ቤት አትቆጠርም።

ትራምቦ ከወኅኒ ሲወጣ ቤተሰቡን ይዞ ሜክሲኮ ሲቲ ሄደ። ኑሮው አልሆነለትም፣ ተመለሰ። ግን ከሜክሲኮ አንድ ታሪክ ይዞ መጣ። አንድ የገበሬ ልጅ አለ። ጥጃ ያሳድጋል። ጥጃው ኮርማ ይሆንና ለበሬ ውጊያ ይወሰዳል። ልጁ በሬውን ለማዳን ከተማ ይሮጣል። በሬው ሜዳው ላይ እንዲያ ሲዋጋ ሕዝቡ ይቆማል፣ ይማርልን ብሎ ይጮኻል። ይማርለታል። በሬ አሳድጎ የሸጠ የገበሬ ልጅ እዚህ አዳራሽ ካለ፣ ይህን ፊልም ሲያይ መሐረብ ይያዝ። “ዘ ብሬቭ ዋን” ይባላል፣ የ1956 ነው። ያሠሩት ኪንግ ወንድማማቾች ናቸው። ጸሐፊ ብለው የዘመዳቸውን ልጅ ስም አስቀመጡ፣ ሮበርት ሪች።

በመጋቢት 1957 የኦስካር ምሽት ሮበርት ሪች አሸነፈ! ስም ተጠራ። የሚወጣ ሰው የለም። ከጸሐፊዎች ማኅበር አንዱ ሮጦ ወጣና ተቀበለለት፣ ጓደኛዬ ሚስቱ ልትወልድበት ሆስፒታል ነው አለ። ሪችን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በማግስቱ ጋዜጠኛ ሁሉ ሮበርት ሪችን ፍለጋ ወጣ። የለም። ኦስካር ያሸነፈ፣ የሌለ ሰው!

ትራምቦ እዚህ ላይ ነው ብልጠቱ። እየደወሉ “አንተ ነህ እንዴ?” ሲሉት፣ ነኝም አይደለሁምም አይልም። ሌላ ፊልም ጠቅሰው ሲጠይቁት እንደዚያው። እኔ ሳልሆን እከሌ ሊሆን ይችላል እያለ ሌሎች የታገዱ ጓደኞቹን ይጠቅሳል። ሰዉ እያንዳንዱን ጥሩ ፊልም መጠርጠር ጀመረ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ “ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ” በስክሪፕት አሸነፈ፣ ሽልማቱ ለፈረንሳዊው ልቦለድ ደራሲ ለፒዬር ቡል ተሰጠ። ስክሪፕቱን የጻፉት የታገዱት ማይክል ዊልሰንና ካርል ፎርማን ናቸው። ሆሊውድ በየዓመቱ ለማይቀጥራቸው ሰዎች ወርቅ ይሸልማል። ከዚህ በላይ መሳቂያ አለ?

ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ፣ መርማሪ ኮሚቴ ፊት አልመልስም ያለ ሰው ኦስካር አያገኝም የሚል ሕግ በ1957 አውጥቶ ነበር። በጥር 1959 ራሱ ሻረው። ትራምቦ ወዲያው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ሮበርት ሪች እኔ ነኝ አለ።

ገባችሁ የምለው? ግድግዳው መሠረቱ የተቦረቦረው እዚህ ነው። በገጽ ብዛት። ሰውየው ሲጠግብ የተረፈውን ሥራ ለታገዱ ጓደኞቹ ያከፋፍል ነበር፣ ገበያው በነሱ ጽሑፍ ተጥለቀለቀ። ጥር 1960 ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንጀር “ኤክሶደስ”ን የጻፈው ትራምቦ ነው ብሎ በይፋ አሳወቀ። ዳግላስ ቀጠለ። ሁለቱም ደፍረዋል፣ አልክድም። በ1960 መጨረሻ ሁለቱም ፊልሞች በስሙ ወጡ። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰልፍ ወጣ። አዲሱ ወጣት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሰልፉን አልፎ ገብቶ “ስፓርታከስ”ን አየ።

“ስፓርታከስ” ውስጥ ያችን ትዕይንት ታስታውሳላችሁ? ሮማውያን የተሸነፉትን ባሮች ያስቀምጣሉ። ስፓርታከስ የትኛው እንደሆነ ንገሩን፣ ከስቅላት ትድናላችሁ ይላሉ። አጋልጡ ነው! አንዱ ይነሣል፣ ስፓርታከስ እኔ ነኝ። ሌላው ይነሣል፣ እኔ ነኝ። ሜዳው በሙሉ። ሐሳቧን መጀመሪያ ማን አመጣት በሚለው ይጣላሉ። ያን ሰዓት ግን ወረቀቱ ላይ የነበረው የጸሐፊ ስም ሳም ጃክሰን የሚል የውሸት ስም ነው። ሺህ ባሪያ ስሙን እየጮኸ፣ ጸሐፊው ስሙን መናገር አይችልም።

ቤተሰቡን አትርሱ። ልጆቹ አባታቸው ምን እንደሚጽፍ እንዲደብቁ ሆነው ነው ያደጉት። ትንሿ ሚትዚ ትምህርት ቤት ወላጆች የማን ልጅ እንደሆነች አውቀው አገለሏት። ትራምቦ ለርዕሰ መምህሩ የጻፈው ደብዳቤ ታትሟል። ከስክሪፕቶቹ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ሚስቱ ክሊዮ ይህን ሁሉ አብራ ተሸከመች።

አሁን ወደ አጎቴ። በ1970 የጸሐፊዎች ማኅበር ትራምቦን ሸለመው። መድረክ ላይ ወጥቶ ምን አለ? በዚያ ዘመን ጀግናም ወንጀለኛም፣ ቅዱስም ሰይጣንም አትፈልጉ፣ የነበሩት ተጎጂዎች ብቻ ናቸው። ከአሥሩ አንዱ አልበርት ማልትዝ በጣም ተቆጣ። እንዴት የተጋለጠና ያጋለጠ አንድ ይሆናል? ሁለቱ ተጻጻፉ፣ ተቀያየሙ።

እኔ ከማልትዝ ጋር ነኝ። እንዲህ ስል ግን አጎቴ ይታየኛል። ያጋለጠው ጎረቤቱ እዚያው ሰፈር ኖረ። ዕድራቸው አንድ ነው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን አብረው ይተክላሉ፣ አንዱ ይይዛል አንዱ ያስራል። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላወሩም። ጎረቤትየው ሲሞት አጎቴ ቀብር ሄደ፣ አፈር አለበሰ፣ ሲመለስ ግን ንፍሮውን አልቀመሰም። ይቅር ብሎት ነው ወይስ አላለውም? ጠይቄው፣ “እዚያ ቤት እህል አይወርድልኝም” ነው ያለኝ።

ልጨርስ፣ አዳራሹን እየተጠየቅን ነው። “ዘ ብሬቭ ዋን” ያገኘው ኦስካር ለትራምቦ በስሙ የደረሰው በ1975 ነው። በተከታዩ ዓመት መስከረም ሞተ። “ሮማን ሆሊዴይ” ያገኘውን ኦስካር በ1993 ክሊዮ ተቀበለችለት። ፊልሙ ላይ ስሙ እንዲመለስ የጸሐፊዎች ማኅበር የወሰነው ግን በ2011 ነው። የጠየቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የትራምቦ ልጅ ክሪስቶፈርና የኢያን ሀንተር ልጅ ቲም። ስሙን ያበደረው ሰው ልጅ መጥቶ፣ ይህ የአባቴ አይደለም፣ ለባለቤቱ መልሱ አለ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አንተ፣ ባለ ቀይ ሹራቡ፣ ጀምር።